በሰማያዊው በኩል የወረደው ውሃ

በቀደም ዕለት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ቤቴ ውስጥ የውሃ ማሞቂያ ሲገጥም «እትዬ ስንዱ፣ ቀዩ የሙቅ፣ ሰማያዊው የቀዝቃዛ ነው፤ እንዳይምታታብዎት» አለኝ። የመካነ ሰላም ብርድ በዚህ ወር አጥንት ይሰብራል፤ ማሞቂያ ሲገባ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ይህችኑ ትምህርት አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው አስተምሬአት ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ዐረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ፤ ወሩ ኅዳር ነበር። ማዳሜ በመጀመሪያው ቀን እጄን ይዛ ቧንቧ አከፋፈት አሳየችኝና «በአገራችሁ ውሃ አለ?» አለችኝ። አባይን ቁልቁል እያየሁ ላደግሁት ለእኔ! ንዴቴን ዋጥኩት። በእልህ ግን የቤቱን ዕቃ ሁሉ፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ምድጃውን፣ የምንጣፍ መጥረጊያውን ሳይቀር አጠናሁ። ዐረብኛውንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ።

በግንቦት መጨረሻ ዘይነባ መጣች። የአቀስታ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አባቷ የእርሻ በሬውን ሸጦ ነው የላካት። ሥራዋ ሕፃኑን መያዝ ነበር። ዐረብኛ ከስግደቷ ሌላ ስለማታውቅ የማዳምን ቃል የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። እናቷ የሰጠቻትን በሶ ወጥ ቤት ውስጥ በስኳር በጥብጠን ስንጠጣ፣ ያ የተቆላ ገብስ ሽታ ሁለታችንንም አስለቀሰን።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኑን ልታጥብ ስትል «እታለም፣ ቀዝቃዛው በየቱ ነው?» አለችኝ።

ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ሰማያዊው ነዋ! ቀዩን እንዳትነኪ፣ ያቃጥላል» አልኳት።

የዚያ አገር ሰው ሙቀቱ ሲጠና ማሞቂያውን እንደሚያጠፋ አላውቅም ነበር። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር በፀሐይ ይፍለቀለቃል፤ በሰማያዊው የሚወርደው እሱ ነው። ቀዝቃዛው ቤት ውስጥ፣ ጥላ ሥር ባለው በጠፋው ማሞቂያ ቆይቶ በቀዩ የሚመጣው ነው። እኛ አገር ፀሐይ የማለዳ ውርጭ ለማቅለጥ ረፋድ ትጠብቃለች፤ ውሃ ታፈላለች ብሎ ማን ያስባል? ወጥ ቤት ያለው ውሃ በዚያ ሳምንት ሲሞቅ አይቼ ነበር። ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ የወረደው ለብ ያለ ነበር፤ ዘይነባም በእጇ ለክታዋለች። ቀጥሎ የመጣው የሕፃኑን እግር ላጠው።

ማዳም ሮጣ መጥታ ልጇን ነጠቀችና «በዚህ ክፈቺ ያላት ማን ነው? ጠይቂያት!» ብላ ጮኸችብኝ። ተረጎምኩላት።

ዘይነባ «ወላሂ እታለም፣ አንቺ አይደለሽ ሰማያዊውን ያልሽኝ? ንገሪልኝ» አለች።

ወደ ማዳም ዞሬ፣ ባጠናሁት ዐረብኛ፣ «ማንም አላለኝም፤ የራሴ ጥፋት ነው ትላለች» አልኩ።

ሕፃኑ ሰንብቶ ዳነ። ዘይነባን ግን በሦስተኛው ቀን ወደ አገሯ መለሷት። ስትወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ አምስት ዓመት ሠራሁ፤ ይህንን ቤት ያቆምኩት በዚያ ነው።

ባለፈው ወር አቀስታ ለቅሶ ደርሼ አገኘኋት። ገበያ ላይ ጨው ትቸረችራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ጠርታቸው «ስንዱ እሷ ናት፤ ያን ቀን ለማዳም በዐረብኛ የለመነችልኝ። ፖሊስ ሳያየኝ አገሬ የገባሁት በእሷ ነው። አላህ ይስጥልኝ በሏት» አለች። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ስለ ውሃው ሰው ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ ባለማወቅ ነው። ያቺን ዐረፍተ ነገር ግን አውቄ ነው የተናገርኳት። አቀስታ በሚኒባስ የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት። እስከ ዛሬ ልነግራት አልሄድኩም።