ከፋሲካ የተረፈ ድርቆሽ

እኔ ከተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ። ሰው ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ፤ ዝም ሲለኝ ደግሞ ምን ደብቆ ይሆን እላለሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ከቢቸና ወጥታ ሞጣ ስትዳር፣ ያውም ነገር ከአፋቸው የማይወጣ አማት ቤት ስትገባ፣ ሰላም ታገኛለች ማለት ዘበት ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ባለቤቴ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቱ ባላቸው ስለሞቱባቸው ሦስታችን በአንድ ቤት እንኖር ነበር። ከተዳርኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ አልወለድኩም። በዚያን ጊዜ ያልወለደች ሚስት ወደ እናቷ ቤት ብትመለስ ማንም አይገርመውም። ከጎረቤቶቻችን አንዷ እንደዚያው ሆና ስንቋን ይዛ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

አማቴ የበዓል ትራፊ አያያዝ ያውቁበታል፤ ይህን አልክድም። በፋሲካ ማግስት የተረፈው ዶሮ ወጥ ፍርፍር ይሆናል። ድፎ ዳቦው ሲደርቅ በቅቤና በአዋዜ ይፈረፈራል። ከጎረቤት ጋር ከተካፈልነው የቅርጫ ሥጋ የተረፈው ደቅቆ ሽሮ ውስጥ ሲገባ፣ ሽሮው ራሱ ሌላ ምግብ ይሆናል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይቀርብም። እኔም ከበዓሉ ይልቅ ማግስቱን እወድ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። የዶሮው ፍርፍር ገና ሲቀርብ ሽታው ሆዴን ገለባበጠው። ከጾሙ በኋላ ቅቤው ከብዶኝ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። አማቴ አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ብቻ ቆሎ ማቅረብ ጀመሩ። ልጃቸው ፍርፍር፣ እሳቸው ፍርፍር፣ እኔ ቆሎ።

«ይኼ ይሻልሻል» አሉኝ። የሚሻለኝን መቼ ጠየቁኝ?

ቀጥሎ እንስራዬን ወሰዱብኝ። ውሃ መቅዳት የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ የጎረቤት ልጅ ተልካ ቀድታ መጥታለች። ቤቱ ያለ እኔም እንደሚቆም ሊያሳዩኝ ነው ብዬ በገንኩ።

ነገሩን ያረጋገጠልኝ ግን ድርቆሹ ነው። የተረፈው እንጀራ መፈርፈሩ ቀርቶ፣ እየተቆራረሰ ጓሮ ሰሌን ላይ ይሰጣ ጀመር። ሥጋውም ሽሮ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ፣ ተዘልዝሎ ገመድ ላይ ወጣ። ድርቆሽና ቋንጣ የመንገደኛ ምግብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ባሌ የትም አይሄድም። አማቴም ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አይሄዱም። የቀረሁት እኔ ነኝ። ድርቆሹን ዶሮ እንዳይለቅመው ጓሮ ቁጭ ብዬ የምጠብቀውም እኔው ነበርኩ፤ የራሴን ስንቅ።

«እማማ፣ ይኼ ሁሉ ድርቆሽ ለማን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለሚበላው ነው፣ ልጄ» አሉና ወደ ፀሐይ ገለበጡት።

ባሌ ከሥራ ሲመለስ ደጅ ላይ አፋጠጥኩት። «እናትህ ሊመልሱኝ ነው፣ አይደል?»

«ኧረ እኔ እንጃ። ክረምት ሳይገባ እናቷን ጠይቃ ትምጣ ብላለች።»

«ለምን?»

«ምን አውቄ? የሴቶች ነገር ነው አለችኝ» ብሎ ገባ። ያን ዕለት ጠላሁት።

ሰኔ ከገባ ከሞጣ ቢቸና ያለው መንገድ ጭቃው በቅሎ ያሰምጣል፣ ወንዙም ይሞላል። በግንቦት የሄደ ሰው እስከ መስቀል አይመለስም። እስከ መስቀል ደግሞ ባሌ ሌላ ሚስት ሊያገባ ይችላል። ይህን እያሰብኩ ልብሴን ቋጠርኩ።

የመሄጃዬ ቀን አማቴ አቁማዳውን በእጃቸው አስረው ሰጡኝ። ያለ ልማዳቸው አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። «ለእናትሽ ስጫት። ከእሷ ሌላ ማንም እንዳይፈታው፤ አንቺም ብትሆኚ» አሉኝ። መቼ ልመለስ ብዬ ስጠይቃቸው «እናትሽ ትነግርሻለች፤ ማርያም ትከተልሽ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በቅሎዋን የሚስቡልኝ ወንድማቸው ነበሩ፤ እጅግ ቀስ ይላሉ። «እህቴ ቀስ ብለህ ሳብ ብላኛለች» አሉኝ። ለመባረር ምን ያስቸኩላል አልኩ በሆዴ። መንገድ ላይ ግንደወይን ስናድር ርቧቸው ከአቁማዳው ትንሽ ድርቆሽ እናርስ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። የውርደቴን ስንቅ ለማንም ማብላት አልፈለግሁም።

እናቴ ደጃፏ ላይ አቁማዳውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ጠርጣራነቴን ከማን እንደወረስኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምን አጠፋሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላጠፋች በድርቆሽ አትሸኝም» ብላ አቁማዳውን ፈታችው። ድርቆሹን በእፍኝ እያወጣች ሰፌድ ላይ ዘረገፈች። ቋንጣውን አሸተተችና ደህና መሆኑን ቅር እያላት መሰከረች። ከሥሩ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ዱቄትና በትንሽ ቅል የተከደነ ቅቤ ወጣ። ዱቄቱን በጣቷ ጫፍ ቀመሰችው። እንደገና ቀመሰችው።

«የገንፎ ዱቄት ነው» አለች።

ያ ዱቄት ከነቅቤው ለምትወልድ ሴት የሚቀመጥ ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። እርግዝና ደግሞ ሳይገፋ አይወራም፤ ዓይን ይፈራል። አማቴ ለልጃቸው እንኳ ያልተነፈሱትን ነገር በአቁማዳ ለእናቴ ላኩት።

«የወር አበባሽ ከቀረ ቆየ?» አለችኝ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከዐቢይ ጾም አጋማሽ ጀምሮ ቀርቶ ነበር። ጾሙ ያደረቀኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ስነግራት ሆዴን አየችና «ያቺ ሴትዮ ከእኔ ቀድማ አወቀች» አለች። ቅናቷን ለመደበቅም አልሞከረች።

ያን ዕለት ለራት እናቴ የተወሰነውን ድርቆሽ በቋንጣ ወጥ ፈረፈረችው። ከፋሲካ ወዲህ ሆዴ እምቢ ሳይለኝ የበላሁት የመጀመሪያው የፍስክ ምግብ እሱ ነበር። በልቼ ስጨርስ የቀረውን ድርቆሽ ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን ወደ አቁማዳው መልሳ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው።

«ይኼኛውስ?» አልኳት።

«ይኼማ ልጁን ይዘሽ ስትመለሺ ለመንገድ ነው።»

ስትመለሺ አለችኝ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ አፍኜ የያዝኩት እንባ ያን ጊዜ ዱብ ዱብ አለ። እናቴ ወጡን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠረጠረች።

«ምነው፣ ሴትዮዋ ቋንጣው ላይ በርበሬ አብዝታበት ነው እንዴ?» አለችኝ።