ሰሊጥ የገባበት ፍሬን

በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ በካሚዮን መጠገኛ ውስጥ እሠራ ነበር። እዚያ አንድ ደንብ ነበረ፤ ፍሬን የነካ ሰው የመጀመሪያውን ቁልቁለት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ይወርዳል። አንድ መኪና ከነጭነቱ ገደል ከገባ በኋላ የመጠገኛው አለቃ፣ ጣሊያኑ ካቦ ራሱ ያወጣው ደንብ ነው። እኔ አልጠላሁትም። የሚሳፈርበትን ፍሬን ማን አቃልሎ ይጠግናል?

በበጋው አንድ ቀን ኡስታ መጡ። ኡስታ የምንላቸው ጺማቸው መሸበት የጀመረ ሱዳናዊ ሾፌር ነበሩ፤ ሚስታቸው የመተማ ሴት ናት፣ አማርኛውንም ከኛ አሳምረው ይናገሩታል። ፍሬን ሲረግጡ መኪናው ወደ ግራ ይስባል። ወደ ጓንግ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ደግሞ ገደሉ በግራ ነው።

«ምን ጨመሩበት?» አልኋቸው።

«የፍሬን ዘይት መንገድ ላይ አልቆብኝ ሰሊጥ ጨመርሁ።»

«የሰሊጥ ዘይት?»

«ራሴን እቀባዋለሁ፣ ኩራዜን አበራበታለሁ፣ የግመል ቁስል አድንበታለሁ። ፍሬን ምን ብሎ ይጠላዋል?»

መተማ እንዲያ ነው፤ በግመል ከሚዞረው መጭመቂያ የወጣ ዘይት የማይገባበት ነገር የለም።

ካቦው የቀረችውን የፍሬን ዘይት ለወጠበት፣ በየጎማው አየሩን አስወጣና «በቃ፣ ነገ ጭኖ ይውጣ» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎንደር ያሉት አለቆቹ ጥጥ ላክ እያሉ አጣድፈውታል። መፍቻ ያቀበልሁት እኔ ስለሆንሁ እኔ እንድሳፈር አዘዘ።

«አየሩ ሲወጣ በግራው ጎማ ዘይቱ ፈሷል፣ በቀኙ ግን ጠብ ጠብ ነው ያለው» አልሁት። «መከፋፈያው ተደፍኗል።»

መከፋፈያው ከፔዳሉ የሚመጣው ዘይት ወደየጎማው ቱቦ የሚለያይበት፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ናስ ነው። ከሞተሩ ሥር ተሸሽጎ ስለሚቀመጥ እሱ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ነገር ይፈታል።

«ጊዜ የለም» አለ ካቦው።

«እንግዲያው እርስዎ ይሳፈሩ።»

«ትገረፋለህ።»

«ልገረፍ። ገደል ከመግባት ይሻላል።»

ኡስታ ከጎን ሆነው «እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ እኔም አልነዳም» አሉ። «ልጄ ገና ጥርስ አላወጣም።»

ካቦው ሁለታችንንም አየን። «እስከ ማታ» አለና ሄደ።

ከመኪናው ሥር ገባሁ። ቱቦዎቹን ፈትቼ በአፌ ነፋኋቸው፤ ትንፋሽ ያልፋል። መከፋፈያውን ስነፋው ግን የቀኙ ቀዳዳ ዝግ ነው። ሰሊጡ ጎሚኒውን፣ ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ፣ አሳብጦ አላልቶታል፤ የተፈረፈረው ጎማ ከረጋው ዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ሙጫ ይዞታል። ሽቦ ብሰድበት ናሱን ይጭረዋል። ኡስታ ዝንብ የሚያባርሩበት የቀጭኔ ጭራ ነበራቸው።

«ከሱ አንድ ጠጉር ይስጡኝ።»

«ካርቱም የገዛሁትን?»

«ሰሊጡን ማን ጨመረው?»

እያጉረመረሙ ነቀሉልኝ። ጠጉሩን ዐረቄ ውስጥ እየነከርሁ ስወጋው ጥቁሩ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ወጣ።

«ዐረቄውን እንዳትጠጣው» አሉኝ።

«እኔስ እርስዎ እንዳያሸቱት ነው የፈራሁ።»

አዲስ ጎሚኒ አስገባን። የፍሬን ዘይት ስላለቀ ካቦው ከሐኪም ቤት አልኮል አስመጣና ከጉሎ ዘይት ጋር ደባለቀ።

«ቆዳ የሚለፋበት ጉሎ?» አሉ ኡስታ።

«እሱው ነው። በቆርቆሮ የሚመጣውም የፍሬን ዘይት ከዚሁ ነው የተሠራው» አለ ካቦው። ይኸንን እኔም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጥጥ ተጭኖ ወጣን። ቁልቁለቱን ያዝን። አጋማሹ ላይ ኡስታ ፍሬኑን ረገጡ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ወርደው ኋላችን አቧራው ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ አዩ። የቀኙም የግራውም ጎማ እኩል ተጎትቷል።

«ውረድ እንግዲህ፣ ደንብህን ጨርሰሃል» አሉኝ።

«ቁልቁለቱ መች አለቀ?» አልሁና ተቀመጥሁ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ከመኪናው ወረድሁ። ኡስታ «ለሚስቴ ደህና ወርዷል በላት» ብለው ላኩኝ። በእግሬ ወደ መተማ ተመለስሁ። ቤታቸው መንገዴ ላይ ስለነበረ ገብቼ ነገርኋት።