ዝም ባይዋን የቀበርን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ከሳምራዊት ጋር ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ጫማ ስንፈልግ ውለን፣ ደክሞን ምግብ መሸጫው ጋ ቁጭ እንዳልን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «አያቴ፣ ዌይት፣ ይሄ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። መሀል ከተማ ያለ ጋለሪ ስለ አንድ የዱሮ የሴቶች ቡድን ኤግዚቢሽን ከፍቷል። ፎቶው ላይ ጥቁር የለበሱ ስድስት ሴቶች የሬሳ ሣጥን ከበው ቆመዋል። የአምስቱ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን የምትመታው ስድስተኛዋ ግን «ስሟ ያልታወቀ አልቃሽ» ተብላለች። ደሜ ፈላ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ለካናዳዋ ካልጋሪ ገና አዲስ ነበርኩ፤ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ካረን የምትባል ረጅም ሳቂታ ፈረንጅ ነበረች። እሷና አራት ጓደኞቿ አንድ የተዘጋ ሱቅ ተከራይተው የትርኢት ቡድን አቁመዋል፤ መድረክ ግን የላቸውም። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ግማሹ ቢሮ ባዶ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ጠብቀው መንገድ ዳር ሸሚዝ ይተኩሳሉ። ሌላ ቀን አፋቸውን በፕላስተር አሽገው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። መጀመሪያ ሳያቸው እብዶች መስለውኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ካውያውን ተቀብዬ ተኮስኩ፤ እንዲያውም ከሁሉም የእኔ ሸሚዝ ይሻል ነበር።

ታዲያ የነዳጅ ሀብታሞች ምሳ የሚበሉበት አንድ ክበብ አለ። ሴት በፊት በር አትገባም፤ የአባል ሚስት እንኳ ብትሆን በጎን በር ነው። ካረን እዚያ ደጃፍ ቀብር እናድርግ አለች። የምትቀበረው በጎን በር ግቢ ስትባል የምትገባዋ፣ ዝም ባይዋ ሴት ናት። ለልምምድ ሲያለቅሱ ሰማኋቸውና ሳቄ መጣ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር የሚመስሉት። አክስቴ ሰፈር ያወቃት አልቃሽ ነበረች፤ ግጥሙንም የደረት አመታቱንም ከእሷ ለምጃለሁ። «ልቅሶውን ለእኔ ተዉት» አልኳቸው።

በእኛ ደንብ ላልሞተ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን የራሴ ጉድ ነበረብኝ። የምኖረው ፓይንሪጅ የሚባል ሰፈር፣ ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ተክሌ ጋር ነው፤ እዚህ ያመጣኝም እሱ ነው። ኮክረን በምትባል አጎራባች ከተማ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሊድረኝ ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እኔ ግን አልፈለግኩትም። ሲጠይቁኝ አቀርቅሬ መሬት መሬት አየሁ፤ ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት። ጨዋ ልጅ ናት ተባልኩ። ያ ጨዋነቴ ሌሊት ሌሊት ያንገበግበኝ ነበር።

የሁዳዴ አጋማሽ ላይ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶውን በአንድ ማለዳ ጭቃ አደረገው። ሽርጥና ባለረጅም ተረከዝ ጫማ የተከተተበትን ሣጥን ተሸክመን ሄድንና የክበቡ የፊት በር ደረጃ ላይ አኖርነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረቴን መታሁ፦

«በጓሮ በር ግቢ ቢሏት እሺ ያለች፣
አፏን እንደያዘች ከሣጥኑ ዋለች።»

ካረን አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን እንባዋ ወረደ። እኔም ለማስመሰል የጀመርኩት ልቅሶ የራሴ ሆኖ አረፈው። ዘበኛው ዞር በሉ አለን፤ አልዞርንም። ለምሳ የመጡት ጌቶች ሬሳ ተሻግረው መግባት አስፈርቷቸው በጎን በር ገቡ።

ያላወቅኩት ነገር ቢኖር አንድ የእኛ ሰው ታክሲውን አቁሞ እንዳየኝ ነው። ሐበሻ ነጠላ ተዘቅዝቆ ደረት ሲመታ ካየ ቀልድ ነው ብሎ አያስብም። የተክሌን እህት መርዶ ደረሳት ብሎ ደወለ፤ የሰማው ደግሞ ለሌላው ደወለ። ቤት ስደርስ ፓይንሪጅ መኪና ማቆሚያ የለም። ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በትልቅ ድስት ቀርቧል። የኮክረኑ ሰውዬ ሳይቀር ለስላሳ በሣጥን ይዞ መጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ጥግ ተቀምጧል።

ጋሼ ተክሌ አመድ መስሎ ተነሣ። «ሺፍቴን ጥዬ ነው የመጣሁት። ንገሪኝ፣ እማዬ ናት?»

«እማዬ ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

እንደ ልማዴ ማቀርቀር እችል ነበር። ቀና ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። «ዝም ባይዋ ናት የሞተችው። ጋብቻውን እሺ ያለችውም እሷ ነበረች። እኔ አላልኩም። አላገባም፣ ጋሼ» አልኩት።

ንፍሮ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። አንድ ሽማግሌ «ይቺ ልጅ አሟታል፣ ዶክተር ኮል አድርጉላት» አሉ። ጋሼ ተክሌ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ፤ በይ ከቤቴ...» ብሎ ሳይጨርስ እትዬ ለተብርሃን እጃቸውን አነሡ። እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው፤ በዚህ ከተማ ሰርጉም ልቅሶውም ያለ እሳቸው አይሆንም።

«ሞታለች ካለች ሞታለች» አሉ። «ንፍሮዋንም በልተናል። አንተ ተክሌ፣ ንፍሮ በተበላበት ቤት ሰርግ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«አርባዋ እስኪወጣ ነው እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው።

«አርባዋ ሲወጣ ሙት ዓመቷ አለ» አሉ እትዬ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም በልጅነቴ ዝም ብዬ ነው የተዳርኩት። ያኔ ያለቀሰልኝ የለም» አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ ሴት ተከተለቻቸው፣ ሌላዋም ቀጠለች፤ ቤቱ የእውነት ልቅሶ ቤት ሆነ።

የኮክረኑ ሰውዬ ተነሥቶ «ነፍስ ይማር» አለኝና ለስላሳውን ትቶልን ሄደ። እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ጋሼ ተክሌ እስከ ፋሲካ ኩርፊያው አልወጣለትም፤ ጾም ስንፈታ ግን መጀመሪያ ያጎረሰው እኔን ነው።

ቡድኑ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆየና ተበተነ። ሱቃችን ዶናት ቤት ሆነ። ክበቡም ውሎ አድሮ የፊት በሩን ለሴት ከፈተ፤ በእናንተ ምክንያት ነው ያለን የለም። አይበሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቀበርኳት ሴት ስንት ዘመን ተኝታ፣ አሁን በጋለሪ ግድግዳ በኩል ልትነሣብኝ ነው።

«ጋለሪው ጋ ኮል አድርጊልኝ» አልኳት ሳምራዊትን።

አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች። እኔ መሆኔን በምን ታውቅ? ጠረጴዛውን በመዳፌ እየመታሁ ያችን ግጥም አወረድኩላት። ፒዛ የሚበሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ሳምራዊት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ልጅቷ እንደ ካረን ቃሉ ባይገባትም ልቅሶው ገባትና «ስምዎን ማን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ፀሐይነሽ» አልኳት። «ስሟ ያልታወቀችዋማ ተቀብራለች።»