በጭብጨባ የሚበራ ቤት

ክብሩን ፒያሳ ባለው የመጋረጃ ሱቁ ውስጥ ብቻ የሚያውቀው ሰው ጨዋና ለስላሳ ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግድግዳ ተጋርቼው ስለምኖር አልሸወድም። ሰውየው ጎረቤት ያላየውን ዕቃ ቀድሞ ካልገዛ እንቅልፍ አይወስደውም። ገዝቶም ዝም አይልም፤ ጠርቶ ያሳያል።

ባለፈው ክረምት ያመጣው ደግሞ ሲያጨበጭቡለት መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ደህናውን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ ከግድግዳው አስነቅሎ ቀዳዳውን አስለሰነው። ቀለምም አስቀባበት። ባለቤቱ ፀሐይ "የሳሎኑን እንኳ ተውልኝ" ብትለው፣ "ግድግዳ መዳበስ ቀረ! ሠለጠንን እኮ!" ብሎ ሳቀባት። እኔም ተጠርቼ አየሁ። ሁለቴ አጨበጨበ፣ በራ። ሁለቴ አጨበጨበ፣ ጠፋ። አንድ ጣት ላለማንሳት ሁለት እጁን የሚያነሳ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። "ጎበዝ" አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

እሱ የረሳው ሐሙስን ነው። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት የሚሰበሰበው ፀሐይ ሳሎን ውስጥ ነው። ልጃቸው ሄኖክ የሞተ ጊዜ ፀሐይን ከአልጋ ያስነሳት ይህ ኅብረት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን የምትገፋው ሐሙስን እያየች ነው። እኛ ደግሞ ስንዘምር እጃችን አያርፍም። በጭብጨባ ያደገን ሰው እጅህን ሰብስበህ ዘምር ቢሉት ዜማው ይጠፋበታል።

ዕቃው በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ መዝሙሩ ገና ከመጀመሩ ሳሎኑ ጨለመ። በራ። ደግሞ ጨለመ። ማራገቢያውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ኖሮ ይነሳል፣ ይቆማል። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ብርቅዬ ክፉ መንፈስ የገባ መስሏቸው ተነሥተው፣ "በኢየሱስ ስም ውጣ!" እያሉ አምፖሉን ይገሥጹ ጀመር። እኛም አብረን ገሠጽን፤ በጭብጨባ ጭምር። አምፖሉ ባሰበት።

ክብሩ ከመኝታ ቤት እየሮጠ ወጣ። "አታጨብጭቡ! ዕቃውን ልታበላሹት ነው! በልባችሁ ዘምሩ!"

"ልጄ፣ ጌታን በእጃችን ብናመሰግን ምን አጠፋን?" አሉት እማማ ብርቅዬ።

"ጌታ ሳያጨበጭቡም ይሰማል፣ እማማ። መብራቱም መስማቱ ነው ችግሩ።"

ያን ምሽት እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንጎራጎርን። ሰዉ ሲወጣ ፀሐይ አንዲት ማብሪያ ብቻ እንዲያስመልስላት ለመነችው። እሱ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ "ቀለም የተቀባ ግድግዳ አላስበሳም፤ ማጨብጨብ ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ" አላት። እኔ ፊት ነው ያላት።

"እንግዲያው የእኔ ቤት አለ" አልኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ፀሐይ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ እኔ ቤት መጣች። መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ፤ ክብሩ ነው። የሁለታችን ቤት ግድግዳ አንድ መሆኑን ያ ሁሉ ሥልጣኔው አላሰበበትም።

"ሮማን፣ እባካችሁ ቀስ በሉ። መብራቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ማጥፊያ ደግሞ..." ብሎ ንግግሩን ዋጠው።

ልስቅበት ነበር። ፀሐይ ቀደመችኝ።

"ሄኖክን በቀበርን በሦስተኛው ቀን አንተ ሱቅህን ከፈትክ። እኔን ያነሡኝ እነዚህ እጆች ናቸው። ና ግባና አብረኸን ዘምር፤ ካልሆነ በሩን ዝጋው።"

ክብሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በሩን ዘጋው፤ ከውጭ በኩል።

ጸሎቱ አልቆ ዝም ባልንበት ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ጭብጨባ ተሰማ። ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። እማማ ብርቅዬ ጆሯቸውን አቁመው፣ "ብቻውን የሚዘምረው ማን ነው?" አሉ።

"እየዘመረ አይደለም፣ እማማ" አለች ፀሐይ። "መብራት እየለመነ ነው።"