ሳትሮጥ የተያዘች ዶሮ

ከሱቅ የገዛኋትን ዶሮ በአቼቶ ሳጥብ፣ ሽታው በንጉሡ ጊዜ ወደኖርንበት ወደ አስመራው ጎዳይፍ ግቢያችን መለሰኝ። ወታደሩ አባቴ አለቃውን ለምሳ ጠርቷል። እናቴ በማለዳ ግቢያችን ያደገችውን ቀይ ዶሮ «ያዟት!» ስትለን፣ እኔና እህቴ ግቢውን በሩጫ አመስነው።

«ኣይፋልን! ተዉ!» አሉ ጎረቤታችን አደይ ለታይ ከአጥሩ ማዶ። «ከሮጠች ሥጋዋ እንጨት ይሆናል።»

መጥተው ማሽላ በተኑና ቁጭ ብለው ጠበቋት። ራሷ እግራቸው ሥር መጣች። ጀርባዋን እየዳበሱ፣ «ፈርታ ወደ ቢላዋ መሄድ የለባትም» አሉኝ። ለእሷ አዝነው ይሁን ለወጡ፣ አልገባኝም።

ምሳ ላይ ሥጋው ገና በጣት ሲነካ ከአጥንቱ ተላቀቀ። እናቴ የመጀመሪያውን ሳህን በአጥሩ ላይ ለአደይ ለታይ አሻገረች።

የዛሬዋ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንተክትካም ሹካ አልገባ አላት። አንዱ ጅል አሯሩጧታል።