ከቀዝቃዛው ደን ያመጣሁት ትኩሳት

ሕመሙ መጀመሪያ የተሰማኝ ከዓይኔ ጀርባ ነው። ፒያሳ፣ ከእህቴ የልብስ ስፌት ቤት ጎን ባለች ኬክ ቤት፣ ባንኮኒው ላይ ክንዴን አሳርፌ ማኪያቶ እጠጣ ነበር። መንገዱን ለማየት ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር አንዳች ነገር ከውስጥ የሚጎትተው ይመስለኝ ጀመር። ጊዜው ጳጉሜን ነው፤ ቀኑ ሁለት ይሁን ሦስት እርግጠኛ አይደለሁም። ታላቅ እህቴ መንበረ «ያን ዕለት የጠጣኸው ሻይ ነው» ትላለች። በዚህ ጽሑፍ እኔና እርሷ በተለያየንበት ቦታ ሁሉ አንባቢ እርሷን ቢያምን ይሻላል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሕመም ለገጠማቸውና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ስድስት ኪሎ ታሪክ ተምሬ፣ ዘጠኝ ዓመት በስዊድን አገር፣ በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ የቆዩ ሰነዶች በሚጠበቁበት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የሰውን ምስክርነት ከወረቀት ጋር ማመሳከር እንጀራዬ ነው። የራሴ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ግን እስከዚያ ድረስ የመረመረው አልነበረም። አዲስ ዓመትን ከቤተሰብ ጋር ለማክበር መጥቼ ገና አሥር ቀን ግድም ሆኖኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቴ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስምንት ደረሰ። ጡንቻዬ ሁሉ ተቆረጣጠመ። እህቴ ለመመርመር ጊዜ አላጠፋችም።

«ምች ነው። በልተህ ወዲያው ፀሐይ ላይ ወጣህ። ዘጠኝ ዓመት ፀሐይ ያላየ ሰው እንዴት አይመታውም?»

ዳማከሴ ተቆርጦ መጣ። ቅጠሉን አሽታ ጭማቂውን አጠጣችኝ፣ የቀረውን ግንባሬንና ደረቴን ቀባችኝ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። አዲሱን ዓመት በእግሬ ቆሜ ተቀበልኩት። ስምንት ቀን ያህል ፍጹም ጤነኛ ነበርኩ፤ እህቴም ላገኘችው ሁሉ የዳማከሴውን ታሪክ ታወራ ነበር። እኔም አምኛለሁ። አሁን እንደማውቀው ይህ በሽታ በብዙዎች ላይ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በመካከሉ የሚሰጠው ፋታ ከመዳን ጋር አንድ ይመስላል። እኛም ያንን ፋታ ለቅጠሉ ሰጠነው።

ሁለተኛው የመጣው ወደ እሪ በከንቱ ስወርድ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ሸምሱ እዚያ የቧንቧና የመብራት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ግራ እግሬ ዘገየ። ግድግዳ ያዝኩ። ሱቁ ደረስኩ። ሰላም ልለው አፌን ከፈትኩ። ስሙ ጠፋኝ። «ወንበር» ልል ፈልጌ «መሰላል» አልኩ። ሸምሱ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ትዝታ የእኔ አይደለም፤ የእህቴና የሸምሱ ነው።

ሆስፒታል ስደርስ ትኩሳቴ አርባ ነበር። አንገቴ ደርቋል። የወባ ምርመራው ነፃ መሆኔን አሳየ። ሲቲ ስካኑ ምንም አላሳየም። ከወገቤ አጥንቶች መካከል ውሃ ቀዱ፤ ሐኪሞች ላምባር ፓንክቸር ይሉታል። በውሃው ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በዝተው ተገኙ። ሴፍትሪያክሶንና አሲክሎቪር፣ አንዱ ለባክቴሪያ ሌላው ለቫይረስ፣ በደም ሥሬ ይወርድልኝ ጀመር።

የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ገረመው ይባላሉ፤ ጡረታ የተቃረቡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከሁሉ በላይ የሠጉት የአንጎል ሽፋን ቲቢን ነበር። መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል፤ በጉበት ላይ ይከብዳል፤ ቲቢ ሆኖ ቢዘገይ ግን በሽተኛው ሊሞት ይችላል። በመጀመሪያው ቀን «የት የት ሄዶ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ቆላ? አልሄደም። ገጠር? አልሄደም። «ከስዊድን እንደመጣ ነው» አለች እህቴ፣ «እዚያማ ምን በሽታ አለ ብለው ነው ዶክተር? ብርዱ ዝንብ እንኳ አያስቀምጥም።»

እኔም ብጠየቅ ይህንኑ እል ነበር። ዘጠኝ ዓመት የላክሁላት ፎቶግራፍ ሁሉ በረዶ ነው። እኛ ዘንድ በሽታ የሙቀት ልጅ ነው፤ ከቆላ ይመጣል፣ ከወንዝ ዳር ይመጣል። ብርድ ያጠራል እንላለን። በዚህ እምነት ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ ሁላችንም በሽታውን የፈለግነው በሌለበት አገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አእምሮዬ ትንሽ ጠራ። ዶክተር ገረመው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሥራህን እህትህ ነግራኛለች። ሥራ በማትሠራበት ቀንስ ምን ታደርጋለህ?»

ጥያቄው ገረመኝ። ጊዜ ለማሳለፍ የጠየቁኝ መስሎኝ ነበር። ግን ተናገርኩ፤ ቃል እየጠፋኝ፣ እህቴ እየሞላችልኝ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገርኩ። በክረምት ሐይቁ ጠጥሮ መንገድ እንደሚሆን፣ ሰዎች እንደ ወስፌ የሾሉ ሁለት መያዣዎች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በረዶው ከተሰበረ እየወጉ ለመውጣት ተዘጋጅተው በላዩ እንደሚንሸራተቱ፣ ሐይቁም ከሥራቸው እንደ ሩቅ ነጎድጓድ እንደሚያጉረመርም ነገርኳቸው። ከሳውና ወጥቼ በበረዶ ቀዳዳ ውስጥ እስከ አንገቴ መግባትን መልመዴን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ ትንፋሼ ተቋርጦ ስሜን የረሳሁ መምሰሌን ነገርኳቸው። በአርባ ዓመቴ የበረዶ መንሸራተቻ እግሬ ላይ አስሬ በአምስት ዓመት ሕፃናት ፊት ስወድቅ፣ ሕፃናቱ ዞር ብለው ያዩኝና በትሕትና ዝም ይሉ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሚጨልመውን ታኅሣሥ፣ ከምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ተራዬን ጠብቄ የማሳልፈውን ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት የማይጠልቀውን የበጋቸውን ፀሐይ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ደናቸው ነው። ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ ማንም ሰው ገብቶ ከአተር ብዙም የማትበልጠውን ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ለቅሞ መሄድ ይችላል፤ ጠያቂ የለም። መሬት በስንዝር የሚያጣላበት አገር ተወልጄ፣ በሰው ደን ውስጥ ተንበርክኬ ስለቅም፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው መጥቶ «ማን ፈቀደልህ?» እስኪለኝ ድረስ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ማንም አልመጣም። ጎረቤቴ ኢንግሪድ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ጡረተኛ መምህርት፣ የሚበላውን እንጉዳይ ከማይበላው መለየት ያስተማረችኝ እዚያ ነው።

ዶክተሩ ብዕራቸውን አቆሙ። «መዥገር ነክሶህ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። ረጅም ቦት ጫማ እንደማደርግ፣ ከእግር መንገዱ እንደማልወጣ ጨመርኩ። ይህን ስናገር የተጠረገውን መንገድ በዓይኔ አየዋለሁ። ቦቱን አየዋለሁ። ብማል አልፈራም ነበር።

እህቴ ስልኳን አወጣች። ከዓመታት ጀምሮ እሑድ እሑድ የድምፅ መልእክት እልክላታለሁ፤ አንዱንም አታጠፋም። ጥቂት ፈለገችና አንዱን ከፈተችው። ነፋስ ይሰማል። ከዚያ የራሴ ድምፅ መጣ፤ ይስቃል።

«እቴቴ፣ ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ታውቂያለሽ? ፍሬ ስለቅም በዛፉ ሥር በደረቴ ተስቤ ገብቼ ከጉልበቴ ጀርባ መዥገር! እንደ ላም! ኢንግሪድ በወረንጦ ነቀለችልኝ። ቀኑን ጻፍ፣ ካመመህ ሐኪም ቤት ደውል ትለኛለች። ለመዥገር ሐኪም? አገሬ ቢሰሙ ምን ይላሉ አልኳት።»

መልእክቱ የተላከው ልበርር ሦስት ቀን ሲቀረኝ ነው።

ያን ሰዓት የተሰማኝን በትክክል መግለጽ አልችልም። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የማላውቀውን ቀን፣ በማውቀው ድምፅ፣ በእኔው ሳቅ ስሰማ፣ ሰው ከራሱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አየሁ። እኔ ያጣሁትን ቀን እህቴ በኪሷ ይዛው ትዞር ነበር።

ዶክተሩ መልእክቱን ደግመው አሰሙት። «ቲክ ቦርን ኤንሴፋላይትስ» አሉ። «መዥገር የምታስተላልፈው የአንጎል ብግነት ነው። ከመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የወገብህ ውሃ ስኳሩ አልወረደም፤ ቲቢ ቢሆን ይወርድ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግን ግምት ነው።» ወደ እህቴ ዞሩ። «የቲቢውን መድኃኒት ሁለት ቀን ላቆየው አስቤያለሁ። ብሳሳት አደጋው የእርሱ ነው። ምን ትያለሽ?»

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ድምፁን ሰምተውታል። ያ ልጅ አይዋሽም» አለች። «ያቆዩት።»

«መድኃኒቱስ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ቫይረሱን የሚገድል የለም። ትኩሳትህን እናበርዳለን፣ እንጠብቅሃለን። የቀረውን ሰውነትህ ይሠራል።»

«አእምሮዬስ?»

«እናያለን።»

ከሁለቱ የጥበቃ ቀናት የመጀመሪያው ክፉ ነበር። ትኩሳቱ ወጣ። እህቴን በእናታችን ስም ጠራኋት። ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። እርሷ አልተኛችም። ዶክተሩ በቀን አራቴ መጡ። መዳፌን ይጨብጣሉ፤ «ጭመቅ» ይሉኛል። እጨምቃለሁ። ይሄዳሉ። በሁለተኛው ቀን ወደ ቀትር ላብ አጠመቀኝ። ትኩሳቱ ወረደ። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት። እህቴ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደግማ አስለካችው።

በማግስቱ ሸምሱ ብርቱካን ይዞ መጣ። ነገሩን ሁሉ ሰምቷል። በር ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አቦ፣ ሰው ከአውሮፓ ሽቶ ይዞ ይመጣል፤ አንተ መዥገር?»

ሳቅሁ። የጎድን አጥንቴን እያመመኝ ሳቅሁ። እህቴ ግን ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ቀልዱ ገብቶኛላ። ለካስ እርሷ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠብቅ የነበረው ይህንን ነው። ወደ ውጭ አገር የተላከው የደም ናሙና ውጤት ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ የዶክተሩ ግምት ትክክል ነበር።

ማገገሙ አራት ወር ፈጀ። አፍንጮ በር በሚገኘው የእህቴ ቤት በረንዳ፣ የሴራሚኩን መስመር ተከትዬ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያጋጠምኩ መራመድ ተለማመድኩ፤ መጀመሪያ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያም በረንዳው እስኪያልቅ። ቃላት ተራ በተራ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ከነመልካቸው፣ አንዳንዶቹ እንደ እንግዳ አፍረው። አንድ ጠዋት ክንዴን ለእህቴ ሰጥቼ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ወደ ፒያሳ ወጣን፤ በልጅነታችን ጫማ የምናሠራበትን ቤት ልናይ መታጠፊያውን ፈለግሁ። መታጠፊያው የለም፤ በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። አንጎሌ አንድ ሰፈር ሰርዟል ብዬ ነበር።

«ቤቱ የት ሄደ?»

«ፈርሷል እኮ። ሰፈሩ ነው የተለወጠው፣ አንተ ደህና ነህ።»

በፈረሰ ቤት ደስ ያለኝ ያን ዕለት ብቻ ነው። እህቴ ግን ትንሽ ቆይታ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «ጳጉሜን ላይ አብረን መጥተን አይተነዋል፤ አዝነህም ነበር» አለችኝ። ቤቱ እዚያ እንደነበረ በትክክል አስታውሼ ነበር፤ መፍረሱን ያየንበትን ቀን ግን አጥቼዋለሁ። አሁን እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች እንዳሉብኝ አውቄ እኖራለሁ። የሚያስደንቀኝ የጠፋው አይደለም። ያበጠ፣ የነደደ ሥጋ እንደገና ስም መጥራት፣ ቀልድ መለየት፣ ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው መያዝ መቻሉ ነው።

ዶክተር ገረመውን አመሰግናለሁ፤ ያላዩትን በሽታ ለመጠርጠር ትሕትና ነበራቸው። ቀኑን ጻፍ ያለችኝን ኢንግሪድን አመሰግናለሁ። ሸምሱን አመሰግናለሁ፤ ከቁልቁለቱ ሥር በጀርባው ተሸክሞ ዋናው መንገድ ያደረሰኝ እርሱ ነው። እህቴን ለማመስገን ቃል አላገኘሁም።

በቀዝቃዛ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ የምለው ጥቂት ነው። ይህ በሽታ ክትባት አለው፤ በምትኖሩበት አካባቢ መኖሩን ጠይቁ፣ ተከተቡ። ከደን ስትመለሱ የጉልበታችሁን ጀርባ፣ ብብታችሁን፣ የልጆቻችሁን የፀጉር ሥር እዩ። መዥገር ካገኛችሁ ንቀሉ፤ ቀኑን ጻፉ፤ አትፈሩበት። ትኩሳት ለቆ ከተመለሰ ቅጠል አትጠብቁ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሥራችሁን ብቻ ሳይሆን መዝናኛችሁንም ንገሩት። አስታማሚዎች ሆይ፣ በሽተኛው ያንኑ ጥያቄ ለአምስተኛ ጊዜ ሲጠይቃችሁ እንደ መጀመሪያው መልሱለት፤ ለእርሱ የመጀመሪያው ነው።

በሚመጣው ወር ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ትናንት ሻንጣዬን ስናዘጋጅ እህቴ ድንገት እጇን አቆመች።

«ወደ ደኑ ልትሄድ ነው?»

ልዋሻት አልቻልኩም። «እሄዳለሁ፣ እቴቴ።»

አንድ ሸሚዝ ዘረጋች፣ አጣጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው።

«እንግዲያው ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ ክተት» አለችኝ።