የቀለም ቀቢው አራስ

ልብስ ተኳሿ እግሯን ምን እንደነካት የሚጠይቃት ሲመጣ «ከልጅ ጋር የመጣ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አትጨምርም። በሰፈሩ ሸሚዙን ሰጥቷት እንደ አዲስ ተጣጥፎ ያልተመለሰለት የለም። ግራ እግሯን እየጎተተች ከመተኮሻ ጠረጴዛዋ እስከ በሩ ስትመጣ አይቶ ከንፈሩን ያልመጠጠም የለም። ከንፈር መምጠጥ ምን ያስወጣል? መጥጠው፣ ሸሚዛቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ልጇን የወለደችው ትልቋ ጡት ሳትጥል ነበር። ከአልጋ ስትነሳ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ወገቧ የሷ አይመስላትም። ባሏ ቀለም ቀቢው ግን ሕፃኑን ሊያዩ የሚመጡ የሥራ ባልደረቦች ነበሩትና በሩ ላይ ቆሞ፣ «ተነሺ እንጂ! ሴት ሁሉ ይወልዳል፤ በአንቺ አልተጀመረ!» አላት። ተነሳች። ውሃ የሞላ ባልዲ ይዛ ደረጃውን ስትወጣ፣ ሳትንሸራተት፣ ሳትደናቀፍ፣ እንዲያው እግሯ እምቢ ብሏት ወደቀች። ሐኪሙ የዳሌዋን የራጅ ፎቶ ወደ ብርሃን ይዞ፣ «አጥንትሽን ልጆቹ ጨርሰውታል። ማን ነው እንዲህ ቶሎ ያስነሳሽ?» ሲላት «ራሴው ነኝ» ብላ መለሰች። ስብራቱ ዳነ፤ እግሯ ግን አጥሮ ቀረ።

ባሏን ይቅር አለችው። በምን ይቅር አለችው ቢባል በአንዲት ቃል ነው፦ አላወቀም። ትልቋ ልጇ አድጋ ምላስ ስታወጣ፣ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ነው እንዲህ ያደረገሽ» ማለት ጀመረች። እናትየው ግን ወዲያው ትቆጣለች፣ «አባትሽ ምን ያውቃል? የወለደች ሴት አጥንቷ እንደሚሳሳ ወንድ ልጅ ከየት ይሰማል?» የሌላ ሰው ትዳር በፍቅር ይቆማል፣ በገንዘብ ይቆማል፤ የሷ በዚህች ቃል ላይ ቆሞ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አበቃ። ቃሏን ቢነጥቋት ምን ይዛ እንደምትቀር አስባው አታውቅም ነበር።

ቀለም ቀቢው ጉልበቱ ደክሞ መሰላል መውጣት ካቆመ ወዲህ ፍቅሩ ሁሉ ለእርግቦቹ ነው። ጓሮ ውስጥ ከግንብ የሠራላቸው ቤት አለ። እርግቦቹ ደግሞ ውለታ ቢስ ሆኑበትና የኖራውን ልስን እየቆረቆሩ ግድግዳውን ወንፊት አደረጉት። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሲያሳምር የኖረ ሰው በገዛ ጓሮው የተቦረቦረ ግድግዳ እንዴት ችሎ ያያል? ቀዳዳውን በስቱኮ ሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ በላዩ ላይ የዘይት ቀለም ደጋግሞ ቀባ። ግድግዳው እንደ ክሊኒክ አበራ። «አሁን ምንቃር አይበሳውም!» እያለ ለመጣ ለሄደው ያሳያል። እውነቱን ነው፤ አልበሳውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጎበዝ ነው።

ከሁሉ የሚወዳት ነጯ እንስት ጎጆ ይዛ ነበር። የመጀመሪያው እንቁላል ደህና ነበር። ሁለተኛው ግን እንደ ራሰ ወረቀት ልፍስፍስ ብሎ ወጣ፤ እሷም አብራው ወደቀች። ጠዋት ሲያገኛት እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግታ በሆዷ ተኝታለች፣ ክንፎቿ መሬት ላይ ወድቀዋል። ወንዱ ይባስ ብሎ ደረቱን ነፍቶ እያጉረመረመ ዙሪያዋን ይዞራል፣ እየነቆረ ወደ ጎጆዋ ሊነዳት ይታገላል።

ቀለም ቀቢው እርግቧን ካርቶን ውስጥ አስተኝቶ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ሚስቱ ወደምትተኩስበት ክፍል ገባ። «ይቺ ክፍል ትሞቃለች፤ ለሷ ይሻላታል» አለና የታጠፉትን ሸሚዞች ገፋ አድርጎ ካርቶኑን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠ።

«የሰው ሸሚዝ ነው፤ ላባ እንዳይነካው» አለችው።

«ስለ ሸሚዝ ታወሪያለሽ እንዴ? አራስ ናት እኮ!»

ልብስ ተኳሿ «አራስ» የሚለውን ቃል ሰማች፤ ካውያዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። ዝም አይነቅዝም ብላ ያደገች ሴት ናት።

እንደ ቀለም ቀቢው እርግብ የሚያረባው ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ተጠርቶ መጣ። ሌላ እንቁላል ታግቶባት እንደሆነ ሆዷን ዳሰሰ፣ ጓሮውን አይቶ ተመለሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። «አንተ ሰው፣ ግድግዳውን በቀለም ደፍነህ ለእንቁላሏ ቅርፊት የሚሆናትን ኖራ ከየት ታምጣ? እንቁላሉን ከገዛ አጥንቷ ፍቃ ነው የሠራችው።»

ቀለም ቀቢው ግንባሩን በመዳፉ መታ። «በገዛ እጄ!» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የኔ ነው ጥፋቱ።»

ይህን ከዚህ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። አብረው ባረጁበት ቤት ዕቃ ሲሰበር፣ ልጅ ሲታመም፣ ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ የሌላ ነበር፤ አንዴ የመሰላሉ፣ አንዴ የዝናቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሷ። አሁን ግን ለአንዲት እርግብ እንዲህ ቀለለው። ከፋት፤ መክፋቷም በእርግብ መቅናት መስሎ ታያትና አፈረች።

ማስታመሙን አሳመረው መቼም። ከመድኃኒት ቤት ካልሲየም ገዝቶ በውሃ ይበጠብጥና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከምንቃሯ ጥግ ጠብ ጠብ ያደርግላታል፤ ትን እንዳይላት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የእንቁላል ቅርፊት ቆልቶ፣ አድቅቆ፣ ከጥሬዋ ጋር ይቀላቅላል። ረፋድ ላይ ፀሐይ እንድታገኝ መስኮት ስር ያወጣታል፤ ሲበርድ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ጎኗ ያደርግላታል። ደህናውን እንቁላል ለሌላ ጥንድ አሳቀፈ። ወንዱን ለብቻው ዘጋበት፤ እንቁላሉ ተወስዶባት ከወንዱ ጋር ከዋለች ቶሎ ደግማ ትጥላለች፣ ያኔ አትተርፍም ብሎ ነው። ወንዱ ከጓሮ ሲጮህ በመስኮት ብቅ ይልና «ዝም በል አንተ ባለጌ! እፎይ ትበልበት!» ብሎ ይሰድበዋል። ያን የሚኮራበትን የዘይት ቀለም እንኳ በመፋቂያ ፈግፍጎ ኖራውን መልሶ አወጣው። ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍሉ ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ «አራሷ እንዴት አደረች?» ነው። ሚስቱ እንዴት እንዳደረች ግን አይጠይቅም።

አንድ ከሰዓት ሾፌሩ ሊጠይቅ ብቅ አለ። «ለምን ወደ ጎጆዋ አትመልሳትም? እዚህ ተንቀባራ እንዳትሰንፍ» ብሎ ቀለደ።

ቀለም ቀቢው ቀልዱን አልወደደውም። «እግሯ ሳይጸና? የወለደች እንስት አጥንቷ ባዶ ነው። ያኔ ያስነሳት ሰው በእጁ እንደሰበራት ቁጠረው!»

ሾፌሩ «እሺ ጌታው» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ልብስ ተኳሿ ካውያውን አቆመችው። በልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ሸሚዙ ይቃጠል ነበር፤ እሷ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፣ አላቃጠለችውም።

«ይሄን ሾፌሩ ነው የነገረህ፣ አይደል?» አለች።

«ምኑን?»

«የወለደች አጥንቷ ባዶ እንደሚሆን። በዚህ ሰሞን ነው የሰማኸው፣ አይደል?» ድምጿ ውስጥ ልመና ነበረበት። አዎ በለኝ እያለች ነበር፤ አዎ ቢላት የቀረውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወው ነበር።

«ሾፌሩ ምን ያውቃል!» አለ ስሪንጁን ወደ ብርሃን ይዞ እየመጠነ። «ይሄማ ከልጅነቴ የማውቀው ነው። እናቴ እርግብ ታረባ አልነበር? እንቁላል የጣለች እርግብ ያስነሳ ልጅ አርጩሜ ይቀምስ ነበር። ወልዶ እስኪጸና ሰውም እርግብም ያው ነው ትለን ነበር፣ ነፍሷን ይማር።»



«እኔስ?» አለች።

«አንቺ ምን?»

ስሪንጁ አየር ላይ እንደተያዘ ቀረ። ዓይኑ ከጠረጴዛው ስር ወዳለው እግሯ ወረደና ወዲያው ተነሳ።

«እንግዳ ነበረብን እኮ» አለ።

ስለ ባልዲው አላነሳችም። ስለ ደረጃው፣ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልወጣትም። ራሱ ነው ሄዶ ያገኘው፤ ለማግኘትም ማሰብ አላስፈለገውም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ ይህች ሴት ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን፣ አውቆ የተኛው ሰው እንቅልፉ እንዳይረበሽ በር ስትዘጋለት ኖራለች። ልጇን የተቆጣችበት ሁሉ ትዝ አላት። ማልቀስ አማራት፤ ግን ለምኑ እንደምታለቅስ መለየት ስላቃታት ተወችው። የሸሚዙን አንገትጌ ገልብጣ መተኮስ ጀመረች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እርግቧ ቆመች። መጀመሪያ ተንገዳገደች፣ ክንፏን ዘርግታ ተደገፈች፣ ከዚያ በሁለት እግሯ ጸንታ ከካርቶኑ ጠርዝ በላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። ቀለም ቀቢው «ነይ! ነይ እይ! ቆመች!» ብሎ ጮኸ። ልብስ ተኳሿ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው እግሯን እየጎተተች መጣች። ሰውዬው እያለቀሰ ነው። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ደረቅ ሰው ነው፣ አፈጣጠሩ ነው ስትል ኖራ ነበር፤ ይኸው ይቺም ማመኻኛ ሄደች።

«ደስ አይልም?» አላት።

እርግቧን አየቻት። ምን ታድርግ፣ እሷ ምን አጠፋች። «ደስ ይላል» አለች። ቀጥላም ፊቱን ትኩር ብላ አይታ፣ «ለካ ማስታመም ትችላለህ» አለችው።

ምስጋና መስሎት ፈገግ አለ።